የባቡሩ ቁራኛ

ቃሬዛው ሲጣደፍ ደመናው አብሮኝ ይሮጣል። ጎረቤታችን ወዬሳና ሦስት ጓደኞቹ ጭቃውን እየዘለሉ ተሸክመውኛል። እናቴ ሎሚ እጄን እንደያዘች ጎን ጎኔ ትሮጣለች። ከሁላችን ፊት ደግሞ አማቴ ባላምባራስ አብተው ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን እንደ ጦር ተሸክመው ይገሰግሳሉ።

«ደረስን ዘርፌ! አይዞሽ፣ ደረስን!» ይሉኛል ዞር ሳይሉ።

«እርስዎ ደርሰዋል ባላምባራስ፤ እኛ ነን ገና» አለ ወዬሳ እያለከለከ። ወዬሳ ሬሳም ተሸክሞ ቢሆን ቀልድ አይተውም።

ከወንጂ አዳማ ለጤነኛ ሰው ሩቅ አይደለም። እኔ ግን አልወጣም ያለ ልጅ ሆዴ ውስጥ ነበረ። የሺ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምትም ሊወጣ ሲል የቀረውን ዝናብ ሁሉ መንገዱ ላይ ደፍቶት ነበር። ባቡሩ ከአዋሽ መጥቶ አዳማ ጥቂት ያርፍና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ካመለጠን እኔም አመለጥኩ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚለው ግን የለም።

ባላምባራስ አብተው ወደ ባቡር ሲሮጡ ማየት ራሱ ተአምር ነበር። ከሁለት ክረምት በፊት ዳማ በቅሏቸው ሐዲዱ ላይ ቆማ ባቡር ገደላት። ሌላ ሰው ቢሆን አዝኖ ይተወዋል። እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ችሎት የዋሉ፣ ሙግት እንደ ጠጅ የሚጣፍጣቸው የመንዝ ሰው ናቸው። ጣቢያው ድረስ ሄደው ከሰሱ። የከሰሱት ነጂውን አይደለም፣ ሹሙንም አይደለም፤ ባቡሩን ነው።

«እያየ ነው የገደላት!» አሉ ሰው በተሰበሰበበት። «ያን የሚያህል ፋኖስ ግንባሩ ላይ ተሸክሞ አላየሁም ሊል ነው? ሜዳው ሰፊ ነው፤ ዞር ብሎ ቢያልፍ ምን ይጎድልበት ነበር? ዋስ ይጥራ!»

የጣቢያው ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዋስ የሚሆን አልተገኘም። ባላምባራስም «ዋስ በሌለው ነገር እኔም አልሳፈር፣ ከቤቴም ማንም አይሳፈር» ብለው በሚካኤል ማሉ። የባላምባራስ መሐላ ደግሞ እንደ ግራር ሥር ነው፤ ነቅሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የእኔ ምጥ የመጣው እዚህ መሐላ ላይ ነው። ባሌ ንዋይ ጌታውን ተከትሎ ሲዳሞ ወርዷል። ምጡ ሁለት ቀን ሲሞላው አዋላጇ ውዴ እጇን ታጥባ ከአጠገቤ ተነሣች። «ልጁ አንገቱን አዙሮ ተቀርቅሯል። የእኔ እጅ አይደርስበትም፤ አዲስ አበባ ያለው የፈረንጅ ሐኪም ካልሆነ» አለች። ወዲያው ደግሞ አፏን ያዝ አድርጋ፣ «በባቡር ግን እንዳትወስዷት፤ የባቡር ጩኸት ፅንስ ያወርዳል» ብላ ጨመረች።

«ያወርዳል?» አለች እናቴ። «እኛስ ሁለት ቀን ሙሉ የምናለቅሰው አልወርድ ብሎን አይደለም እንዴ! ካወረደማ እሰየው!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ከምጡ ብሶ አመመኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ወጥታ ባላምባራስ ከተቀመጡበት ግራር ሥር ሄዳ ቆመች፤ በግድግዳው ቀዳዳ ድምጿ ይሰማኝ ነበር።

«ባላምባራስ፣ ለበቅሎዎ ዋስ ጠየቁ። ደግ አደረጉ፤ በቅሎ ነበረች። ለኔ ልጅስ ዋሷ ማነው?»

ከዘራቸው መሬቱን ሲመታ ሰማሁ፤ ተነሡ። ዳኛ ፊት ሲቆሙ ለዓረፍተ ነገር የማይቸገሩት ሰው መልሳቸው አጭር ነበረ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ዋሷ ነኝ። ቃሬዛ ሥሩ። ያችን ካባዬን አምጡልኝ።»

ካባዋ ከሹመታቸው ጋር የተሸለሟት ናት። ላይዋ ጥቁር፣ ገበሯ ቀይ። ከፋሲካና ከችሎት በቀር አትለበስም ነበር።

አዳማ ያኔ እንዲህ የተስፋፋች ከተማ አልነበረችም፤ ጣቢያው፣ የዐረብና የግሪክ ሱቆች፣ ጥቂት የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ግራር ብቻ። ጣሪያዎቹ ብቅ ሲሉ ባቡሩ ጮኸ። ጩኸቱ የመምጣት አልነበረም።

«ያ ረቢ! ዴሜ! ሄደ!» አለች እናቴ። ስትጨነቅ አማርኛዋ ጥሏት ይሄዳል።

ከጣቢያው ተነሥቶ ጥቁር ጭሱን እየተፋ ወደ ሞጆ አቅጣጫ፣ ወደ እኛ በኩል ይመጣ ጀመር። ሐዲዱ ከፊታችን ነው። ወዬሳና ጓደኞቹ ቃሬዛውን አጠገቡ አሳረፉና ምን እናድርግ ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ባላምባራስ ግን ማንንም አላዩም። ዘለው ሐዲዱ መሃል ገቡ፣ ከዘራቸውን ተከሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ። «በንግሥቲቱ አምላክ፣ ቁም!»

በእኛ ዘመን ይህ ቃል ቀላል ቃል አይደለም። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ጦር ይዞ ቢሮጥ ጦሩን ይተክላል፤ ጌታ ቢሆን ከበቅሎው ይወርዳል። እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። ባላምባራስ ይህን እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ጸሎት ያምኑበታል። በቅሏቸውን ያስከፈላቸው ያ ብረት ጆሮ የለውም ብለው ለአንድ አፍታም አላሰቡም።

ወዬሳ «ኧረ ይውጡ!» ብሎ ጮኸ። ባላምባራስ ንቅንቅ አላሉም። ነፋሱ መጣና ካባቸውን ከሁለት በኩል ገለበጠው፤ ቀዩ ገበር እንደ ክንፍ ተዘረጋ። ከተኛሁበት ሆኜ ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ ጥቁር ብረት፣ ነጭ እንፋሎት፣ በመሃል ቀይ። ከዚያ ብረት ከብረት ሲፋጭ መሬቱ ከጀርባዬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው ባቡሩ ቆሟል። ከባላምባራስ ደረት እስከ ባቡሩ ግንባር አንድ ፍየል ቢያልፍ ነው።

ነጂው ግሪክ ነበር። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በማላውቀው ቋንቋ እየተሳደበ ዘሎ ወረደ። ቃሬዛውን ሲያይ ስድቡ አፉ ላይ ቀረ። ቆቡን አወለቀ። በእጁ ወደ ፉርጎው አመለከተ፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገንም፤ ወዬሳና ጓደኞቹ አንሥተው አስገቡኝ።

ባላምባራስ ግን ሥራ አልጨረሱም። ወደ ፉርጎው መጡና ከካባቸው ሥር የኩታቸውን ጫፍ ስበው ከበሩ እጀታ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ የማይለያዩበት ሥርዓት አለን፤ ቁራኛ ይባላል።

«እንግዲህ ቁራኛዬ ነህ» አሉት ባቡሩን። «የበቅሎዬ ነገር ገና አላለቀም። ይችን ልጅ በሰላም ካደረስክ ያኔ እንነጋገራለን።»

ባቡሩ ጮኸ። ባላምባራስ «እሺ ብሏል» አሉና ወዬሳን በዓይናቸው አሰናበቱት።

ፉርጎው ውስጥ ሰው፣ ጆንያ፣ ዶሮና የሐረር ጫት ተደባልቋል። መሐመድዘይን የሚባል ነጋዴ ከአግዳሚው ተነሥቶ አልጋ አደረገልኝ፤ ሽርጡን አጣጥፎ ከራሴ ሥር አስገባ። ቲኬት የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ ባላምባራስ ቋጠሮውን አሳዩት። «እኔ ከሳሽ ነኝ። ከሳሽ ተከሳሹን ተቆራኝቶ ሲሄድ ኪራይ ይከፍላል የሚል ሕግ የት አየህ?» ሲሉት ሰውዬው ግራ ገባው። መሐመድዘይን ወደ ጥግ ወስዶ የሆነ ነገር አስጨበጠውና አሰናበተው። ለዚህ ሰው እስከ ዛሬ ዱዓ አደርጋለሁ፤ በክርስቲያን አፌ፣ እሱ ፈጣሪውን በሚጠራበት ስም።

ባላምባራስ ቆመዋል። «ይቀመጡ እንጂ ጌታዬ» አላቸው መሐመድዘይን፤ «ቦታ አለ።»

«አልቀመጥም። ዳገት ነው። ሁለት ነፍስ የያዘች ሴት ተሸክሟል፤ እኔ ደግሞ ልጫነው? በቅሎም ስትደክም ወርደው በእግር ያግዟታል።»

«ቆሙም ተቀመጡ እኮ ክብደትዎ ያው ነው» አለ ነጋዴው እየሳቀ።

«አንተ በቅሎ ነድተህ አታውቅም» አሉት፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ሐዲዱ በታጠፈ ቁጥር ባላምባራስ አብረው ያዘነብላሉ፤ «ቀስ፣ ቀስ፣ ግራህን» ይሉታል። ጥጉ ላይ የተቀመጡ ሴቶች ይስቁባቸዋል። እኔ ግን ምጡ ሲይዘኝ ዓይኔን የምተክለው እሳቸው ላይ ነበር። እኒያ የከበሩ ሽማግሌ ከእጀታ ጋር ታስረው፣ ለእኔ ሲሉ ባቡሩን እንዳይከብደው ቆመዋል። ለመጮህ አፈርኩ። በጥርሴ የእናቴን ነጠላ ነክሼ ያዝኩ።

ሞጆ ላይ ባቡሩ ውሃ ሊቀዳ ቆመ። ባላምባራስ ቋጠሮውን ሳይፈቱ ኩታውን ከትከሻቸው አውርደው እጀታው ላይ ተዉት፤ «መያዣ ነው፣ አይሄድም» አሉና ወደ ፊት ሄዱ። ነጂው ከታች ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። እሳት የሚያነደው ጆቴ የሚባል የቦረና ልጅ ያስተረጉማል። በበሩ በኩል ይታዩኝ ነበር፤ ድምፃቸውም ይሰማኛል።

«ልጓሙን አሳየኝ» አሉት ባላምባራስ።

ጆቴ ጠየቀና መለሰ፤ «ልጓም የለውም ይላል ጌታዬ።»

«ታዲያ ወደ ግራ ወደ ቀኝ በምን ያዞረዋል?»

«አያዞረውም። ሐዲዱ ነው የሚመራው። የኔ ሥራ ማስኬድና ማቆም ብቻ ነው ይላል። ማቆሙም እየሮጠ ከሆነ እንዲህ ቶሎ አይሆንም።»

«በቅሎ ከፊቱ ብትቆምስ?»

ግሪኩ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት መዳፉን ገጥሞ ወደ ፊት ገፋቸው፤ ወደ ጎንም ሊከፍታቸው ሞክሮ እንደማይከፈቱ አሳየ። ጆቴም ፊቱን በጥላሸት እጁ እየጠረገ፣ «እኔም ስገባ ሰይጣን ነው የሚጎትተው ብዬ እሳቱን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምጨምረው። ቅንድቤ ነዶ ካለቀ በኋላ ነው የገለጥኩት» አላቸው።

ባላምባራስ አልሳቁም። የሐዲዱን ሁለት ብረት እስከሚታያቸው ድረስ በዓይናቸው ተከተሉ። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ዘርፌ» አሉኝ ጎንበስ ብለው፣ «ያ ምስኪን ዞር የሚልበት የለውም ለካ። መሐላ እንደ ማለ ሰው ነው። የያዘውን መንገድ ከመሄድ በቀር አያውቅም። እኔስ ማን ሆኜ ነው የምፈርድበት?»

መሐመድዘይን ሰምቶ ኖሮ፣ «ለእርስዎ ግን ቆመ» አላቸው።

ባላምባራስ ቀና አሉ፤ የችሎት ድምፃቸው ተመለሰ። «ይቆማል እንጂ! በቅሎዬ በሕግ አምላክ አላለችማ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ጆቴ ግን በቆርቆሮ ውሃ ይዞልን መጥቶ ኖሮ ለእናቴ በኦሮምኛ አንሾካሾከላት። ቃል አላመለጠኝም። ነጂው ጩኸቱን አልሰማም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ እንኳን ሰው መድፍም አይሰማም። ያየው ቀይ ነው። በባቡር ቤት ቀይ ጨርቅ ሲዘረጋ ከፊት አደጋ አለ ማለት ነው፤ ነጂው ድልድይ የፈረሰ መስሎት አቆመ። ገና ከጣቢያው ስለተነሣም ቀስ እያለ ነበርና ደረሰለት።

እናቴ ባላምባራስን አየቻቸው። ቆመው፣ ኩታቸውን ዳግም ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ባቡሩን «በርታ፣ ዳገቱ ደርሷል» ይሉታል። ወደ እኔ ዞራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

አዲስ አበባ የደረስነው ገና ፀሐይ ሳለ ነው። ሊያወርዱኝ ሲሉ ባላምባራስ ቋጠሮውን ለመፍታት እምቢ አሉ። «ችሎት ያልቀረበ ቁራኛ አይፈታም» አሉና በካራ ኩታቸውን ቆርጠው ጫፉን እዚያው እጀታው ላይ ተዉት። መሐመድዘይን ያመጣው ጋሪ ላይ ተጫንኩ። ከዚያ የማስታውሰው ቀይ ጢም ያለው ረጅም ሐኪምና የሚያብለጨልጭ ብረት ነው፤ ልጁን በብረት ይዞ ነው ያወጣው። ወንድ ነበር። ወዲያው አላለቀሰም። ሐኪሙ እግሩን ይዞ ጀርባውን መታ አደረገው፤ ያኔ ጮኸ። ከደጅ የባላምባራስ እልልታ ተሰማ። ወንድ እልል ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ገብተው አጠገቤ ቆሙ። ሕፃኑን አላነሡትም፤ ፈሩት መሰለኝ። «ብረት አመጣሽ፣ ብረት አዋለደሽ» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ብረትን ሰድቤ ነበር።» ጢማቸው ረጥቧል። «ስሙ ዋሲሁን ይባል። ዋስትናዬ ወረደልኝ።»

ስንመለስ መስከረም ጠብቶ ነበር፤ ከቢሾፍቱ ወዲህ ሜዳው ሁሉ አደይ ለብሷል። እግዜር ሲያሳካው ፉርጎውም ያው ነበር። ያቺ የኩታ ቁራጭ ጥላሸት ጠጥታ ጠቁራ እጀታው ላይ እንደታሰረች ናት። ማንም አልፈታትም። ጆቴ በኋላ እንደነገረን፣ የፈታት ሰው በክሱ ይገባበታል ተብሎ ተፈርታ ነበር። የባላምባራስ ሕግ ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባ ደርሶ ኖሯል።

ባላምባራስ በዚህ ጉዞ ተቀመጡ። «አሁን ሁለታችንም ቀለን» አሉ።

አዳማ ስንወርድ እናቴ ከሐዲዱ ዳር ለምለም ሳር ነጭታ በእጃቸው አኖረችላቸው። በእሷ አገር ምስጋናም ዕርቅም በሳር ነው። ባላምባራስ ሳሩን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ያቺን ጥቁር ቋጠሮ ፈቱ። ፈትተውም ወደ ባቡሩ ግንባር ሄዱ። ሰው ተሰበሰበ። ያኔ በክሳቸው የሳቁት የጣቢያ ሰዎችም ነበሩ፤ አሁን የሚስቅ አልነበረም።

«ስማ» አሉት። «የበቅሎዬን ደም አውፍ ብዬሃለሁ። ዞር ማለት የማትችል መሆንህን አላወቅሁም ነበር። በሕግ አምላክ ስልህ ግን ቆመህልኛል፤ ሕግ አክባሪ ነህ። እግዜር ይስጥልኝ።» ሳሩን ብረቱ ላይ አኖሩና ካባቸውን ሰብስበው ለጥ ብለው እጅ ነሱ።

ጆቴ ከላይ ሆኖ አፉን ከፈተ። «ጌታዬ፣ ያን ቀን እኮ የቆመው በ...»

«ጨሊሲ!» አለችው እናቴ፤ ዝም በል ማለቷ ነው። እኔም ለሰባት ጆሮ የሚበቃ ሳል ሳልኩ። ጆቴ እኛን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ወደ ግሪኩ ዞሮ አንድ ነገር ነገረው። ግሪኩ ቆቡን አወለቀ። እጁን ወደ ላይ ሰደደና ገመዱን ሳበ፤ ባቡሩ ረጅም፣ ለስለስ ያለ ጩኸት ጮኸ። ዋሲሁን በእቅፌ ደነገጠና አለቀሰ።

ባላምባራስ ቀና አሉ። ዓይናቸው ሞልቷል።

«ሰማኝ» አሉኝ። «አየሽ ዘርፌ? ሰምቶኛል።»

ቀዩን ገበር አየሁት፤ በጭስ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ተተልትሏል። ባቡሩን ያቆመው እሱ መሆኑን አውቃለሁ። እሳቸው ግን ቀይ መልበሳቸውን እንኳ ሳያስቡ፣ ከዚያ ብረት ፊት አንድ ቃል ብቻ ይዘው ለእኔ የቆሙ ሰው ናቸው። ዋስ አለኝ ብዬ እስክሞት የምኮራው በእሳቸው ነው።

«ሰምቶዎታል አባባ» አልኳቸው።

እናቴ ጎንበስ ብላ የካባውን ጠርዝ ያዘች፤ አቧራ የምታራግፍ ነበር የምትመስለው። ቀዩን ጨርቅ ግን ከንፈሯ አስነክታ፣ በእሷና በእኔ ቋንቋ፣ «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችው። ከዚያ ልጄን ተቀብላኝ ወደ ወንጂ መንገድ ጀመርን፤ ባላምባራስ እንደ ልማዳቸው ከሁላችን ፊት።